ለስላሳ ፒች ከለር ለቤት ውስጥ፦ የቱ ፒች፣ የት ክፍል፣ ከምን ጋር?

ፒች የሚባለው ቀለም አንድ አይደለም። ካታሎግ ስትገልጡ ከነጭ ትንሽ ሞቅ ካለው ጀምሮ ብርቱካናማ ሊባል እስከሚደርሰው ድረስ ሁሉም በዚሁ ስም ተደርድሮ ታገኙታላችሁ፣ ከሩቅ ሲታዩ ልዩነታቸው ብዙም አይታወቅም፣ ግድግዳ ላይ ሲወጡ ግን አንዱ ክፍሉን ልስልስ ያደርገዋል አንዱ ደሞ በሳምንቱ ያሰለቻችኋል። እኔ ለስላሳ ፒች በጣም ነው የምወደው፣ ከክሬም የበለጠ ህይወት አለው፣ ከፒንክ ደሞ የሰከነ ነው፣ ለዚህ ነው ሰው አንዴ ቀብቶት ስላላማረለት ብቻ ፒች አይሆንም ብሎ ሲተወው የሚቆጨኝ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፒች አይደለም፣ ለዛ ክፍል ብርሃን የማይሆነው ፒች ስለተመረጠ ነው። እና ከዚህ በታች የማወዳድረው ሁሉ መጨረሻው አንድ ነገር ላይ ነው የሚያርፈው፣ ክፍሉን በብዛት በምትጠቀሙበት ሰአት ምን አይነት ብርሃን አለው የሚለው ላይ።

ፓንቶን የሚባለው የቀለም ድርጅት ፒች ፈዝ (ቁጥሩ 13-1023) የሚለውን የፈረንጆቹ 2024 የአመቱ ቀለም ብሎ ከመረጠ በኋላ ብዙ ሰው ወደ ፒች ተመልሷል። ከዛ በፊት በ1980ዎቹ ገኖ ነበር፣ ያኔ ግን ግድግዳውም መጋረጃውም ሻወር ቤቱ ሴራሚክም ሁሉም ፒች ይደረግ ስለነበር ነው አሁን ድረስ አንዳንድ ሰው የድሮ ፋሽን ነው የሚለው። አሁን ያለው አጠቃቀም የተለየ ነው፣ ቀለሙ ፈዘዝ ይላል፣ አጠገቡ ያሉት ነገሮች ደሞ ሌላ ቀለም ይይዛሉ።

<b>መጀመሪያ ከሶስቱ የቱ ነው?</b>

በግሌ ፒችን ለሶስት ነው የምከፍለው። አንደኛው ወደ ፒንክ የሚያደላው ነው፣ ሁለተኛው ወደ ቢጫ የሚያደላ አፕሪኮት የሚመስለው፣ ሶስተኛው ውስጡ ትንሽ ቡናማ ወይም ግራጫ የገባበት ደብዘዝ ያለው። ካታሎግ ላይ ፈዛዛዎቹን ብቻ እያያችሁ ለመለየት ብትሞክሩ አይን ያታልላል፣ ይልቅ እዛው ስትሪፕ ላይ (የአንድ ቀለም ፈዛዛውና ጠቆር ያለው የተደረደሩበት ቁራጭ) ከታች ያለውን ጠቆር ያለውን ቀለም እዩት፣ እሱ ሳልሞን ወይም ሮዝ ከሆነ ፈዛዛውም ወደ ፒንክ ነው የሚሄደው፣ ብርቱካናማ ከሆነ ወደ ቢጫ፣ የሸክላ አይነት ከሆነ ደሞ ሶስተኛው ነው ማለት ነው። ሌላው ዘዴ ንጹህ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ማየት ነው፣ ነጭ ጎኑ ሲሆን የተደበቀው ወዲያው ይወጣል።

ምረጥልኝ ብትሉኝና ክፍሉን አይቼው ባላውቅ ሶስተኛውን ነው የምለው። ደብዘዝ ያለው ፒች ብዙ ጊዜ ቀይና ቢጫ የብረት ኦክሳይድ ፒግመንት ነጭ ላይ ተጨምሮ የሚሰራ ስለሆነ ጸሃይ ቶሎ አያጠፋውም፣ ከሁሉም በላይ ግን አራት ግድግዳ ላይ ሲሆን አይጮህም። ይሄ የመጮህ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ግድግዳዎቹ እርስ በርስ ብርሃን ስለሚወራወሩ ትንሿ ናሙና ላይ ለስላሳ የነበረው ፒች ሙሉ ክፍል ሲሆን አንድ ደረጃ ጠንክሮ ነው የሚታየው። ስለዚህ ከወደዳችሁት አንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን ውሰዱ፣ ወይም ያንኑ ቀለም ግማሽ ጥንካሬ አርጋችሁ በጥብጡልኝ በሉ፣ በማሽን የሚበጠብጡ ቦታዎች ያረጉላችኋል።

ካታሎጉ ጀርባ ላይ ኤል አር ቪ የሚል ቁጥር ካለ እሱንም ተመልከቱ፣ ቀለሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ከ0 እስከ 100 የሚለካ ነው፣ 0 ሙሉ ጥቁር 100 ሙሉ ነጭ። ለስላሳ ለሚባለው ፒች ከ65 እስከ 75 አካባቢ ያለው ነው የሚስማማኝ፣ ከ60 በታች ከወረደ ጠባብ ክፍል ላይ ይከብዳል፣ ከ80 በላይ ከሄደ ደሞ ቀን ላይ ነጭ ነው የሚመስለው ፒች መሆኑን የምታዩት ማታ መብራት ሲበራ ብቻ ነው (ይሄንን ራሱ ፈልጎ የሚያረግ አለ፣ ለኮሪደር በጣም ያምራል)።

<b>ብርሃኑ</b>

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ራቅ ብሎ ላለ ሰው ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ቀጥታ ጸሃይ ብዙም አያገኝም፣ የሚገባው ብርሃን ከሰማዩ የሚመጣ ሰማያዊነት ያለው ቀዝቃዛ ብርሃን ነው፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ራቅ ብሎ ላለ ደሞ ይሄው ነገር ደቡብ የሚያየው ክፍል ላይ ነው የሚሆነው። እንዲህ አይነት ክፍል ውስጥ ወደ ፒንክ የሚያደላውን ፒች ከቀባችሁ ቀዝቃዛው ብርሃን ቢጫነቱን ይወስድበትና ፒንክ ሆኖ ይቀራል፣ ደብዘዝ ያለውም ብሶበት አመድ አመድ ሊል ይችላል፣ ስለዚህ እዚህ ብቻ ነው ከሶስተኛው ይልቅ ሁለተኛውን ወደ ቢጫ የሚያደላውን የምመርጠው፣ ክፍሉ የጎደለውን ሙቀት እሱ ይሞላለታል።

ወደ ምእራብ የሚያይ ክፍል ተቃራኒው ነው። ከሰአት በኋላ የሚገባው ጸሃይ ራሱ ብርቱካናማ ነው፣ አፕሪኮቱን ከቀባችሁበት ወደ አመሻሹ ላይ ግድግዳው የሚነድ ነው የሚመስለው፣ እዚህ ደብዘዝ ያለው ፒች ጌታ ነው። ምስራቅ የሚያየው ጠዋት ይሞቃል ከሰአት ይቀዘቅዛል፣ መኝታ ቤት ከሆነና ጠዋት ጠዋት ብቻ ቀን ብርሃን ላይ የምታዩት ከሆነ ፒንክ የሚያደላውም ያምርበታል። ቀኑን ሙሉ ጸሃይ የሚያገኝ ክፍል ያለው ሰው እድለኛ ነው፣ ሶስቱም ይሆኑታል፣ ብቻ ፈዘዝ ያለውን ይያዝ።

ሌላው ሰው ልብ የማይለው ከመስኮት ውጪ ያለው ነገር ነው። ፊት ለፊት ትልቅ ዛፍ ወይም ሳር ካለ አረንጓዴ ብርሃን ነው የሚገባው፣ ፒች ደሞ አረንጓዴ ሲነካው ወየብ ይላል። ፊት ለፊት ቀይ ጡብ ካለ ደሞ ይብሳል ቅላቱ። ወለሉም እንደዛው፣ ቀላ ያለ ፓርኬ ብርሃኑን ወደ ግድግዳው ታች ስለሚመልስ የግድግዳው የታችኛው ክፍል ከላይኛው የበለጠ ፒች ይሆናል።

ማታ ደሞ አምፖሉ ነው ወሳኙ። ካርቶኑ ላይ 2700 ኬልቪን የሚለው ቢጫ ብርሃን ፒችን ያሞቀዋል፣ 3000 አካባቢ ያለው ሚዛኑን ይጠብቃል፣ 4000 ላይ ቀለሙ ረጋ ይላል፣ 6500 የሚለው ነጩ ግን ለፒች አይሆንም፣ ህይወቱን ነው የሚያወጣው፣ ቆዳ ቆዳ የሚል የደከመ ነገር ያረገዋል። ቤታችሁ በነጭ ኤልኢዲ የተሞላ ከሆነና አምፖል መቀየር ካልፈለጋችሁ ፒችን ተዉት ብል ይሻላል፣ ወይም መጀመሪያ አምፖሉን ቀይሩ ከዛ ቀለሙን ምረጡ። ሲ አር አይ የሚለው ቁጥርም 90 እና ከዛ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው፣ እሱ አምፖሉ ቀለሞችን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ነው የሚናገረው፣ ዝቅተኛ ከሆነ ቀይ ነክ ቀለሞች ናቸው መጀመሪያ የሚጎዱት፣ ፒች ደሞ ቀይ ነክ ነው።

<b>ፒች ወይስ ሌላ?</b>

ፒችና ክሬም ላይ የሚያመነታ ሰው በጣም ብዙ ነው። ክሬም አይሳሳትም፣ ማንኛውንም እቃ ይቀበላል፣ ቤት የምታከራዩ ወይም የምትሸጡ ከሆነ ክሬም ቀቡ አትጨነቁ። ራሳችሁ የምትኖሩበት ከሆነ ግን ፒች ማታ ላይ የሚሰጠውን ነገር ክሬም አይሰጥም፣ ሰው ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሞቅ ይላል፣ ሁሉም ሰው ያረፈ ነው የሚመስለው።

ከቤዥ ጋ ሲወዳደር ቤዥ ቆሻሻ ይችላል ግን ብርሃን በሌለው ክፍል ያዝናል። ከፈዛዛ ፒንክ ጋ ሲሆን ልዩነቱ ጠባብ ነው፣ ፒንክ ከግራጫና ከብር ቀለም እቃ ጋ ይስማማል ፒች ደሞ ከእንጨትና ከወርቅማ ጋ፣ ስለዚህ ያላችሁን እቃ እዩና ወስኑ። ቴራኮታ (የሸክላ ቀለሙ) ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ጠንካራ ቀለም ነው አንድ ግድግዳ ላይ ወይም ሰፊ ክፍል ላይ ነው ቦታው፣ የሚገርመው ግን ለስላሳ ፒች ግድግዳ ያለበት ክፍል ውስጥ ቴራኮታ ትራስ ወይም የአበባ ማሰሮ ስታስገቡ ሁለቱም ያምራሉ፣ አንዱ የሌላው ፈዛዛ ስለሆነ።

<b>ሙሉ ክፍል፣ አንድ ግድግዳ ወይስ ጣሪያ?</b>

አንድ ግድግዳ ብቻ ፒች ሌላው ነጭ የሚለው አሰራር ለለስላሳ ፒች ብዙም አይመቸኝም። አንድ ግድግዳ የሚመረጠው ጠንከር ብሎ እንዲታይ ነው፣ ፈዛዛ ቀለም ደሞ ከነጭ ጎን ብቻውን ሲቆም ቀለም ያለቀበት ነው የሚመስለው። አንድ ግድግዳ ነው የምፈልገው ካላችሁ ጠንከር ያለውን ፒች ውሰዱ፣ ለስላሳውን ከፈለጋችሁ ደሞ አራቱንም ቀቡ።

ከዚህ የተሻለው ግን ጣሪያውንም አብሮ መቀባት ነው። ያንኑ ቀለም ግማሹን ፈዘዝ አርጋችሁ ኮርኒሱ ላይ ስታወጡት ግድግዳው የት እንዳለቀ አይን አያቋርጥም፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ ከፍ ያለ ይመስላል፣ መኝታ ቤት ውስጥ ደሞ ተኝታችሁ የምታዩት ጣሪያውን አይደል? በርና ዞኮሎውንም በዛው ቀለም የሚያረጉ አሉ፣ ትንሽ ክፍል ላይ በጣም ያምራል፣ ሰፊ ሳሎን ላይ ግን ያታክታል።

ግማሽ ግድግዳ የሚለውም አለ፣ ከወለሉ አንድ ሜትር አካባቢ ድረስ ጠንከር ያለ ፒች ከዛ በላይ ክሬም። ልጆች ያሉበት ቤት፣ ኮሪደርና ደረጃ ላይ ይሄ ይመረጣል፣ እጅ የሚነካው ከታች ስለሆነ ታችኛውን ብቻ በሚታጠብ ቀለም ማረግ ይቻላል።

<b>ክፍል በክፍል</b>

መኝታ ቤት ላይ ፒችን የሚወዳደረው ያለ አይመስለኝም፣ ማት ፊኒሽ (የማያብለጨልጨው)፣ ሙቅ አምፖል፣ ነጭ ወይም ክሬም አንሶላ፣ በቃ። ሳሎን ላይ የሶፋው ቀለም ይወስናል፣ ሶፋው ቀዝቃዛ ግራጫ ከሆነ ፒች ከጎኑ ሲሆን ይበልጥ ብርቱካናማ ይመስላል ሶፋው ደሞ ሰማያዊ ይላል። ይሄ የአይን ነገር ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሸቭሩል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ጎብለን የሚባለው የታፔስትሪ (ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስዕል ያለው ሽመና) ፋብሪካ ውስጥ የማቅለሚያ ክፍሉን ሲመራ ጥቁሩ ክር ጥሩ አይደለም የሚል ቅሬታ ይመጣበት ነበር፣ ሲያጣራ ክሩ ምንም የለውም፣ አጠገቡ ያለው ቀለም ነው ለአይን የሚቀይረው። ግድግዳና ሶፋም እንደዚሁ ናቸው፣ ለብቻቸው ስትመርጧቸው የወደዳችኋቸው ሁለት ቀለሞች አንድ ላይ ሲሆኑ ሌላ ሁለት ቀለሞች ይሆናሉ፣ ስለዚህ የሶፋውን ትራስ ወይም ቁራጭ ጨርቅ ይዛችሁ ነው ቀለም መምረጥ ያለባችሁ።

ሻወር ቤት ላይ ፒች የሚወደድበት ምክንያት መስታወቱ ነው፣ ፊታችሁ ላይ የሚመለሰው ብርሃን ሞቅ ያለ ስለሚሆን ጠዋት ራሳችሁን ስታዩ ደስ ይላችኋል። ግን ሴራሚኩ ንጹህ ነጭ ወይም ግራጫ ከሆነ ጥሩ፣ ቢጫማ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ፒች አይገጥመውም። ኪችን ላይ ካቢኔቱ እንጨት ከለር ከሆነ ሁለቱ ሙቅ ቀለሞች ይደራረባሉና ፈዛዛውን ያዙ፣ ነጭ ካቢኔት ካለ የፈለጋችሁት ይሆናል።

የስራ ክፍል ላይ አልመክርም ባልልም ስክሪን ላይ ቀለም የምትሰሩ ከሆነ (ፎቶ ኤዲቲንግ፣ ዲዛይን) ግድግዳው ፒች ሲሆን አይናችሁ ይላመደውና ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀለም መገመት ያስቸግራችኋል፣ እዛ ክፍል ግራጫ ይሻላል።

<b>ከምን ጋር ይሄዳል</b>

ነጩን በጥንቃቄ ምረጡ። ሰማያዊነት ያለው ደማቅ ነጭ በርና ኮርኒስ ላይ ከፒች ጎን ሲሆን ፒቹን ያቆሽሸዋል፣ ኦፍ ዋይት ወይም ክሬም ነጭ ግን ያቅፈዋል። ይሄን ያህል ትንሽ የምትመስል ነገር ናት የብዙ ሰው ቤት ላይ ልዩነት የምታመጣው። ከአረንጓዴ ውስጥ ግራጫ የገባበት ሴጅ የሚባለው ለፒች የተፈጠረ ነው የሚመስለው፣ መጋረጃ ወይም ምንጣፍ ላይ አርጉት። ሰማያዊ የቀለም ክብ ላይ ከብርቱካናማ ፊት ለፊት ያለ ቀለም ስለሆነ ጥቁር ሰማያዊ ትራስ ወይም አንድ ወንበር ክፍሉን ያነቃዋል፣ ብዙ ግን አይሁን። እንጨት ላይ መካከለኛና ጥቁር ቡናማ ከቀላ ያለው ይሻላል። ብረት ነገር ላይ ናስና ወርቅማ ያምራል፣ ጥቁር እጀታና የመጋረጃ ዘንግም ጥሩ ነው፣ ፒች ሲበዛ የሚመጣውን ጣፋጭነት ጥቁር ይቆርጠዋል።

<b>ፊኒሽና የቀለም አይነት</b>

ማት የግድግዳ ስህተት ይደብቃል፣ ስቱኮው ወጣ ገባ ከሆነ ማት ውሰዱ፣ ፒችም በማት ነው ይበልጥ ለስላሳ የሚሆነው። ጉዳቱ ሲያጥቡት መላላጡና ነጠብጣብ መያዙ ነው፣ የሚታጠብ ማት የሚባል አለ ወደድ ይላል ግን ልጅ ላለበት ቤት ያዋጣል። ሳቲን በትንሹ ያበራል፣ ለኪችን ለሻወር ቤትና ለኮሪደር እሱ ነው። በጣም የሚያበራውን ግሎስ ግድግዳ ላይ ለፒች አልመክርም፣ መስኮት ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ብርሃን ይመታውና ቀለሙ ይጠፋል መስታወት ነው የሚመስለው፣ ለበርና ለዞኮሎ ግን ይሁን።

ውሃ ላይ የተመሰረተውና የዘይት ቀለም ላይ ክርክር የለኝም፣ ለግድግዳ ውሃው ነው። ሽታው ያነሰ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ የዘይት ቀለም ደሞ ከጊዜ ጋ ቢጫ እየሆነ ስለሚሄድ ለስላሳ ፒች ላይ ከሁለት ሶስት አመት በኋላ የመረጣችሁት ቀለም አይሆንም፣ በተለይ ብርሃን የማያገኝ ቦታ ላይ።

አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ቢያንስ 4 ሳምንት ይደር፣ ካልደረቀ ውስጡ ያለው አልካሊ ቀለሙን ይበላዋል፣ ፈዛዛ ፒች ላይ ደሞ ነጠብጣቡ ወዲያው ነው የሚታየው። ጠቆር ያለ ቀለም ላይ የምትቀቡ ከሆነ ነጭ ፕራይመር (ከቀለሙ ስር የሚቀባ መነሻ) አስቀድሙ፣ አለዛ ሶስትና አራት ጊዜ ደራርባችሁም የድሮው ከስር ይታያል።

<b>ከመግዛታችሁ በፊት</b>

ናሙናውን ግድግዳው ላይ አትቀቡት፣ የድሮው ቀለም ጎኑ ስለሚሆን ያሳስታችኋል። ትልቅ ካርቶን ወይም ነጭ ቦርድ ላይ፣ ቢያንስ ኤ3 የሚያክል፣ ሁለት እጅ ቀቡትና ዳሩን ነጭ ተዉት፣ ከዛ ጠዋት ቀንና ማታ ከግድግዳ ግድግዳ እያዟዟራችሁ እዩት፣ አንዴ መስኮቱ ጎን አንዴ ጨለማው ጥግ፣ ማታ አምፖሉ በርቶ። ሁለት ወይም ሶስት ምርጫ ካላችሁ በየተራ አንድ አንዱን ብቻ እዩ፣ ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው እርስ በርስ ይቀያየራሉና። እርጥብ እያለ አትፍረዱ፣ ውሃ ላይ የተመሰረተ ቀለም ሲደርቅ ጠቆር ይላል።

ልኩ ላይ፣ አንድ ሊትር በአንድ እጅ ከ10 እስከ 12 ካሬ ይሸፍናል። ለምሳሌ 4 በ3.5 ሜትር የሆነ ቁመቱ 2.7 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 15 ሜትር ነው፣ በቁመቱ ሲባዛ 40 ካሬ ከምናምን፣ በርና መስኮት ሲቀነስ 37 አካባቢ፣ ሁለት እጅ ለመቀባት 8 ሊትር ያዙ። ሁሉንም አንድ ቀን አንድ ላይ አስበጥብጡ፣ ከተለያየ ጊዜ የተበጠበጠ ፒች ቁጥሩ አንድ ሆኖ እንኳን ትንሽ ሊለይ ይችላል፣ ቆርቆሮዎቹንም ከመቀባታችሁ በፊት አንድ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ገልብጣችሁ አዋህዱት።

የተረፈውን አትጣሉት፣ ክዳኑ ላይ የቀለሙን ኮድ፣ ፊኒሹን፣ የትኛው ክፍል እንደሆነና የተቀባበትን ቀን ጻፉበትና ጸሃይ የማይደርስበት ቦታ አኑሩት። በኋላ ግድግዳው ሲቧጨር ማት ከሆነ በትንሽ ብሩሽ ነካ ነካ አርጋችሁ ትሸፍኑታላችሁ፣ ሳቲን ከሆነ ግን የነካችሁበት ቦታ እያበራ ስለሚታይ ያንን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ በሮለር ድገሙት።